የሚያስፈራው ነጩ አይደለም

ከአንባቢ የተላከ ደብዳቤ፦

«ድሬዳዋ፣ ሳቢያን፣ ከባለቤቴ ቤተሰቦች ግቢ ከገባሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በግቢው ውስጥ የባለቤቴ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በማሽን ያስቆፈሩት የውሃ ጉድጓድ አለ። ውሃው ኩልል ያለ ነው፤ ግን ማንቆርቆሪያውንም ጀበናውንም የውሃ ማሞቂያውንም ነጭ ድንጋይ ያለብሰዋል። የባለቤቴ ወንድም የኩላሊት ጠጠር ስላለበት ሁላችንም ፈርተናል። አንድ ሻጭ ነጩን የሚያጠፋ መሣሪያ ግዙ እያለ ይወተውተናል፤ ዋጋው ከአቅማችን በላይ ነው። የፓምፑ ሞተር በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቃጥሎ ባለቤቴ ተማርሯል፤ እንዲያም ሆኖ በፈረቃ የሚመጣውን የከተማ ውሃ አቋርጠን በጉድጓዱ ብቻ እንኑር ይላል። አማቴ ደግሞ ‹ሰባት ልጅ ያሳደገ ውሃ ምን ይመረመራል?› ይላሉ። ጎረቤቶች በጎማ ይቀዳሉ፤ አማቴ አንድም ቀን ከልክለው አያውቁም፤ የመብራቱን ሒሳብ የምንከፍለው ግን እኛ ነን። እኔ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ልጄን በዚህ ውሃ ላሳድገው? ከጓሮ ደግሞ ድሮ በእጅ የተቆፈረ፣ ዛሬ የልብስ እጣቢ የምንደፋበት ጉድጓድ አለ፤ እሱንስ ምን እናድርገው?»

መልስ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት በሰላም ያገላግልሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ የቤቱ ሰው ሁሉ፣ ሻጩም ጭምር፣ ዓይኑ ነጩ ድንጋይ ላይ መሆኑን አየሁ። ፍርሃቱም ገንዘቡም የሚሄደው ወደዚያው ነው። ስለ ሽንት ቤት ግን አንድም መስመር አልጻፍሽም። የእናንተም የጎረቤቶቻችሁም ሽንት ቤት ከውሃ ጉድጓዱ ምን ያህል ይርቃል? ምን ያህል ጥልቀት አለው? ሞልቶ ያውቃል? ስለ ልጅሽ ውሃ ስትጠይቂኝ ቀድሞ የሚታየኝ ይህ ነው። ስለዚህ ነጩን በቶሎ ላሳልፈውና ወደዚያ እንሂድ።

ነጩ ኖራ ነው። ድሬዳዋን ከደቡብ በኩል የከበቧት ተራሮች የኖራ ድንጋይ ሞልቶባቸዋል፤ በከተማዋ የሲሚንቶ ፋብሪካ መተከሉም ያለ ምክንያት አይደለም። ዝናቡ አፈር ውስጥ ሲሰርግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዝና ድንጋዩን እያሟሟ ይወርዳል። ውሃው ሲጣድ ጋዙ ይወጣል፤ የሟሟው ኖራ ተመልሶ ድንጋይ ሆኖ ማንቆርቆሪያሽ ላይ ይጣበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለውሃ ከባድነት ጤናን መሠረት ያደረገ ጣሪያ አላስቀመጠም፤ በመጠጥ ውሃ ውስጥ በሚገኘው መጠን ካልሲየም ሰውን ይጎዳል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ የለምና።

የባለቤትሽ ወንድም ነገር ሐኪሙን ይመለከታል፤ ቢሆንም በድሬ ሙቀት የኩላሊት ጠጠር ዋና ወዳጅ ከባድ ውሃ ሳይሆን ትንሽ ውሃ ነው። ቀኑን ሙሉ ላብ የሚያፈስ ሰው የሚጠጣው ካነሰ ሽንቱ ይወፍራል፣ ጨዎቹም ይረጋሉ። ጠጠር ላለበት ሰው ሐኪሞች የሚመክሩት በቀን ቢያንስ ሁለት ሊትር ተኩል ሽንት የሚያሸና ያህል እንዲጠጣ ነው። «ውሃው ጠጠር ያመጣብኛል» ብሎ መጠጣቱን የቀነሰ እንደሆነ ግን የሸሸውን በሽታ ፈልጎ ሄደ ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ጫቱን ይዞ በአንዲት ብርጭቆ ውሃ እስከ ማታ የሚቀመጥ ከሆነ ደግሞ፣ ጉድጓዱን ከመክሰሱ በፊት ብርጭቆዋን ይቁጠር።

በኩሽና በኩል የነጩ መላ ቀላል ነው። ማንቆርቆሪያውን አቼቶ በውሃ በጥብጠሽ አፍይበት፤ ሎሚም ይሠራል። ሽምብራና ባቄላ አልበስል ካለሽ ጥፋቱ የእንጨቱም የምድጃውም አይደለም፤ ካልሲየሙ የእህሉን ቅርፊት ያጠነክረዋል። ውሃውን ቀድመሽ አፍይው፣ አቀዝቅዘሽ ነጩን ከታች አስቀርተሽ ከላይ ያለውን ቅጂና ለጥራጥሬው ተጠቀሚበት። ለልብስ በደረቅ ሳሙና ፋንታ የዱቄት ሳሙና ይሻላል፤ ደረቅ ሳሙና ከካልሲየም ጋር እየተጋጠመ አረፋ ከማውጣት ይልቅ እንደ እርጎ ይቋጠራል። ማሞቂያውን በዓመት አንድ ጊዜ ከፍቶ የሚያጸዳ ሰው አስጠሩ። ሙቀቱንም እስከ ጣሪያው አታድርሱት፤ ውሃው በጋለ ቁጥር የሚረጋው ኖራ ይበዛል።

ሻጩ የሚያመጣው መሣሪያ፣ እንደ ገለጽሽው ከሆነ፣ ካልሲየሙን ወስዶ በምትኩ ከጨው የተገኘ ሶዲየም የሚሰጥ ነው። ጨው በየጊዜው ይጨመርበታል፤ የደም ግፊት ያለበት ሰው ባለበት ቤት ደግሞ የሚጠጣው ውሃ በእሱ እንዲያልፍ አልመክርም። የልብስ ማጠቢያ ማሽንና ማሞቂያ ለሞላው ሆቴል ጥሩ ዕቃ ነው። ለእናንተ ግን ገንዘቡ ሌላ ቦታ ይፈለጋል። ሲመጣ «ናይትሬት ያወጣል? ጀርም ይገድላል? አዎ ካልክ በጽሑፍ ስጠን» በዪው።

አሁን ወደማይታየው። ድሬዳዋ የምትጠጣው ከመሬት በታች ያለውን ውሃ ነው። የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ ነው፤ ውሃው ያለው ከሥር ነው። በዚያው አሸዋና ጠጠር ላይ ደግሞ ከተማው ተቀምጧል፤ አብዛኛው ቤትም የሚጠቀመው በጉድጓድ ሽንት ቤት ነው። ከሽንት የሚወጣው ናይትሮጅን በአፈር ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ነፍሳት ወደ ናይትሬት ይለወጣል። ናይትሬት አፈር አይዘውም፤ ከውሃው ጋር አብሮ ይወርዳል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም፣ ማንቆርቆሪያ ላይ አይጋገርም። የከተማዋን የከርሰ ምድር ውሃ ያጠኑ ባለሙያዎች በመኖሪያ ሠፈር ውስጥ ካሉ ጉድጓዶች ከልክ ያለፈ ናይትሬት ሲያገኙ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ የሳቢያንም ስም በእነዚህ ጥናቶች ውስጥ ይነሣል። የእናንተ ጉድጓድ እንደዚያ ነው አላልኩም። ሳይለካ «አይደለም» ሊል የሚችል ሰው ግን የለም።

ለመጠጥ ውሃ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ናይትሬት ነው። ጣሪያው ከሁሉ በፊት የተቀመጠው በጡጦ ለሚያድግ ጨቅላ ነው። በተለይ ስድስት ወር ባልሞላው ሕፃን ሰውነት ውስጥ ናይትሬቱ ወደ ናይትራይት ይለወጥና ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፤ ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል፣ ሰማያዊ ይመስላል። እንዲህ ሲታይ ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር የለም፤ ቀጥታ ሆስፒታል ነው። አዋቂ ሰው በዚህ መጠን እንዲህ አይሆንም፤ ስለዚህም «እኛ ስንጠጣው ኖረን ምን ሆንን?» የሚለው ክርክር ለአዋቂው እውነት ሆኖ ሳለ ለሕፃኑ አይሠራም።

እዚህ ላይ ብዙ እናቶች በቅን ልብ የሚሳሳቱበት ነገር አለ። «ለልጄ አፍልቼ ነው የምሰጠው» ይላሉ። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ናይትሬትን ግን አይነካውም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲያንስ ናይትሬቱ በቀረው ውስጥ ይበዛል። ክሎሪንም አያወጣውም፣ የሸክላ ማጣሪያም አያወጣውም። የሚያወጣው በግፊት በስስ ገለፈት የሚያሳልፈው፣ ሻጮች አርኦ የሚሉት መሣሪያ ወይም ለናይትሬት ተብሎ የተሠራ ማጣሪያ ነው።

የምሥራቹ ግን ልጅሽ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የማንንም ውሃ አያስፈልገውም። ጡትሽ ይበቃዋል፤ በድሬ ሙቀትም ይበቃዋል። «ጉሮሮው ይደርቃል» ብለው በማንኪያ ውሃ ጠብ የሚያደርጉ አዛውንቶች ይመጣሉ፤ አትፍቀጂ። አንቺ የምትጠጪው ናይትሬት በወተትሽ በኩል ወደ ልጁ የሚያልፈው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በሆነ ምክንያት የዱቄት ወተት ካስፈለገ ግን ናይትሬቱ ተለክቶ ከጣሪያው በታች በሆነ ውሃ፣ እሱም ለጀርሙ ሲባል ፈልቶ፣ ይበጥበጥለት።

ለአማትሽም መልሱ ከዚሁ ይወጣል። ከእሳቸው ጋር «ውሃው መርዝ ነው» እያልሽ አትከራከሪ፤ እንደዚያ ብለሽ አታሸንፊም፣ ማሸነፍም የለብሽም። «እማማ፣ ሰባቱን ልጅ ያሳደጋቸው ውሃው ሳይሆን ጡትዎ ነው» በያቸው፤ እውነት ነውና ደስ ይላቸዋል። ቀጥለሽ ጉድጓዱ ሲቆፈር በዙሪያው ምን እንደነበረ ጠይቂያቸው። እሳቸው ራሳቸው ይነግሩሻል፤ ባዶ መሬት ነበር፣ ጥቂት ቤት ነበር፣ ይሉሻል። ዛሬ በየአጥሩ ሥር አንድ ሽንት ቤት አለ። ውሃውን አልተሳደብንም፤ የተለወጠው ሠፈሩ ነው።

ስለዚህ ከመውለድሽ በፊት ይመርመር። ሦስት ወር በቂ ጊዜ ነው። ሁለት ናሙና ውሰዱ፤ አንዱ ከጉድጓዱ፣ ሁለተኛው ከከተማው ቧንቧ። የከተማውም ውሃ ከመሬት የሚወጣ ነውና «የመንግሥት ስለሆነ ናይትሬት የለበትም» ብዬ አላታልልሽም። የከተማው ውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት የት እንደሚመረመር ይነግራችኋል፤ የድሬዳዋና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎችም ከውጭ ናሙና ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቁ። የሚለኩት ኢ. ኮላይ የሚባለው የዓይነ ምድር ባክቴሪያ፣ ናይትሬት፣ ክሎራይድ፣ ፍሎራይድና ጠቅላላው የሟሟ ጨው ይሁኑ። ናይትሬትና ክሎራይድ አብረው ከፍ ብለው ከተገኙ ምንጩ ፍሳሽ ነው ብሎ መጠርጠር ነው፤ ሁለቱም ከሽንት ይመጣሉና።

የናሙናውን ነገር በዋዛ አትዩት። ለባክቴሪያው ላቦራቶሪው ራሱ ያዘጋጀውን ጠርሙስ ተቀበሉ፤ የታጠበ የለስላሳ ጠርሙስ አይሆንም። ከሮቶው ሳይሆን ከፓምፑ አጠገብ ካለው ቧንቧ ቅዱ፤ የቧንቧውን አፍ በእሳት ለብልቡት፣ ውሃውን ጥቂት ደቂቃ አፍስሱት፣ ከዚያ የጠርሙሱን አንገት ሳትነኩ ሙሉት። በበረዶ ዕቃ ይዛችሁ በዚያው ቀን፣ ቢቻል በስድስት ሰዓት ጊዜ ውስጥ አድርሱ። የድሬ ዝናብ ሁለት ጊዜ፣ በበልግና በክረምት ነው፤ የባክቴሪያውን ምርመራ ከዝናብ በኋላ ማድረግ ከደረቁ ወራት የተሻለ እውነቱን ያወጣል።

ውጤቱ ሲመጣ መጀመሪያ መለኪያውን እዩ። አንዳንዱ ላቦራቶሪ ናይትሬቱን በሙሉ ይጽፋል፤ አንዳንዱ ደግሞ በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ ይጽፋል። በሁለተኛው አጻጻፍ ጣሪያው 50 ሳይሆን 11 ነው። «20 ብቻ ነው፣ ከ50 በታች ነው» ብሎ የተደሰተ ሰው ቁጥሩ የናይትሮጅን ከሆነ ከጣሪያው እጥፍ ሊጠጋ በደረሰ ውሃ እየተደሰተ ነው። ናይትሬቱ በሙሉ ተጽፎ ከ25 በታች ከሆነ እኔ ብሆን በዓመት አንዴ እያስለካሁ እጠጣዋለሁ። ከዚያ በላይ ግን ከ50 በታች ከሆነ ከየዝናቡ በኋላ አስለኩት፤ እየወጣ ነው ወይስ ቆሟል የሚለው ከቁጥሩ ይበልጣል። ከ50 ካለፈ ለመጠጥና ለወጥ ሌላ ውሃ ይፈለግ፤ ለልብስ፣ ለገላና ለአትክልት ጉድጓዱ እንዳለ ይቀጥል። ኢ. ኮላይ ግን በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድም መገኘት የለበትም።

ከተገኘ ጉድጓዱ በክሎሪን ይታጠባል። ይህን ፓምፕ በወጣና በገባ ቁጥር፣ ጎርፍም ወደ ግቢ በገባ ቁጥር ማድረግ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው የወሰደበትን ጎርፍ የምታስታውስ ከተማ ጎርፍ አይመጣም ማለት አይገባትም። ስሌቱ ይኸውልሽ። ባለ ስድስት ኢንች ቱቦ በአንድ ሜትር 18 ሊትር ገደማ ውሃ ይይዛል። በውስጡ የቆመው ውሃ 40 ሜትር ከሆነ 720 ሊትር ነው። አምስት በመቶ የሆነ በረኪና አንድ ሊትሩ ለአንድ ሺህ ሊትር ውሃ ይበቃል፤ ስለዚህ ለእናንተ አንድ ሊትር ገደማ፣ ለቧንቧውም ትንሽ ጨምሩ። ሽታና ቀለም የተጨመረበት በረኪና ግን አይሆንም። በባልዲ ውሃ በጥብጣችሁ አፍስሱ፣ በጎማ ውሃውን ወደ ጉድጓዱ እየመለሳችሁ አዘዋውሩት፣ ቧንቧዎቹን ሁሉ ሽታው እስኪመጣ ክፈቱ፣ ከዚያ ዘግታችሁ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ተዉት። ኋላም ሽታው እስኪጠፋ ወደ ውጭ አፍስሱት፤ ወደ ሽንት ቤቱም ወደ አትክልቱም አይሁን። ጎረቤት በዚያ ቀን እንዳይቀዳ አስቀድማችሁ ንገሩ። ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና አስመርምሩ። ተመልሶ ከመጣ ፍሳሹ መግቢያ አግኝቷል ማለት ነው፤ በረኪና እያፈሰሱ መኖር መፍትሔ አይደለም።

መግቢያውን ለማግኘት የጉድጓዱን አፍ ተመልከቱ። ቱቦው ከመሬት ከፍ ብሎ ወጥቷል? ዙሪያው በኮንክሪት ተደልድሎ ውሃ ወደ ውጭ ይፈስሳል? ክዳኑ በደንብ ይገጥማል? ገመዱ የሚገባበት ቀዳዳስ ተደፍኗል? በላስቲክ ታስሮ ድንጋይ የተጫነበት አፍ በድሬ ብዙ አይቻለሁ። በረሮ የሚገባበት ጉድጓድ ውስጥ የዝናብ ውሃም ይገባል።

ስለዚህ የባለቤትሽን ሐሳብ እኔ አልደግፍም፤ የከተማው መስመር አይቋረጥ። መብራት ሲጠፋ፣ ሞተር ሲቃጠል፣ ውጤቱም መጥፎ ሲሆን የምትመለሱበት እሱ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ሁለት ሮቶ ነው፤ ትንሹ፣ ለምሳሌ ባለ 500 ሊትሩ፣ በፈረቃው ቀን ከከተማው ውሃ ይሞላና ለመጠጥና ለኩሽና ይሁን፤ ትልቁ ከጉድጓዱ ይሞላና ለሌላው ሁሉ ይሁን። ሁለቱን መስመሮች ግን በአንድ ቧንቧ አታገናኙ፤ በመሃል መዝጊያ ቢኖርም አይሆንም። መዝጊያው የተረሳ ቀን ፓምፓችሁ የጉድጓዱን ውሃ ወደ ከተማው መስመር ገፍቶ ወደ ጎረቤት ማድጋ ያስገባዋል። የከተማው ውሃ ከላይ በአየር ላይ ወደ ሮቶው ይውረድ፤ የቧንቧው አፍ ውሃውን አይንካ።

ሮቶዎቹን ጥላ ሥር አድርጓቸው። ከሰዓት በኋላ እጅ የሚያቃጥል ውሃ ውስጥ ክሎሪን አይቆይም። ክዳናቸው ይገጠም፣ ትርፉ የሚፈስበት ቀዳዳም ወንፊት ይልበስ። ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. የዴንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ያየች ከተማ ናት፤ ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው በየቤቱ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ነው። ለነፍሰ ጡር ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የሞተሩ ነገር ላይ ነጩ ድንጋይ በመጨረሻ ጥፋቱን ያምናል። ጠልቆ የሚሠራ ሞተር የሚቀዘቅዘው በዙሪያው በሚያልፈው ውሃ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ኖራው በራሱ በሞተሩ ገላ ላይ ይረጋና እንደ ካፖርት ያለብሰዋል፤ ከዚያ ውሃው ቢያልፍም ሙቀቱ አይወጣለትም። በዚህ ላይ የምሽቱ የመብራት ኃይል መዋዠቅ ሲጨመር በዓመት ሁለት ሞተር መቃጠሉ ዕድለ ቢስነት አይመስለኝም። ሦስተኛውን ከመግዛታችሁ በፊት ኤሌክትሪክ ሠራተኛው በምሽት ፓምፑ እየሠራ ቮልቴጁን ይለካ፤ ኃይል ሲያንስና ሲበዛ፣ ውሃም ሲያልቅ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ሳጥን ይግጠም። ቧንቧ በተከፈተ ቁጥር የሚነሣና የሚጠፋ ፓምፕ በቶሎ ያልቃል፤ ሮቶውን በአንድ ጊዜ ሞልቶ ይቁም፣ በተቻለ መጠንም ከምሽቱ ጥድፊያ ውጭ ይሥራ። ፓምፑ በየጥቂት ዓመቱ ወጥቶ ኖራው ይጽዳለት።

ለባለቤትሽ አንድ ሥራ ስጪው፤ ግድግዳው ላይ ወረቀት ይለጥፍና ሮቶው ለመሙላት የሚፈጀውን ደቂቃ በየወሩ ይጻፍ። 40 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ወደ አንድ ሰዓት ሲሄድ፣ ወይ ፓምፑ እየደከመ ነው፣ ወይ ውሃ ወደ ቱቦው የሚገባበት የጉድጓዱ ወንፊት በኖራ እየተደፈነ ነው፣ ወይ ውሃው እየሸሸ ነው። ይህን ቀድሞ ያወቀ ሰው ሞተሩ ከመቃጠሉ በፊት ባለሙያ ይጠራል። ውሃ አይሸሽም የሚል ካለ የሐረር ሰዎችን ይጠይቅ፤ ያጠጣቸው የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ዓይናቸው እያየ ነው የደረቀው።

ስለ ጎረቤቶች አማትሽ ትክክል ናቸው፤ ውሃ አይከለከልም። ለእኔ የሚታየኝ ግን ሌላም ነገር ነው። የእነሱ ሽንት ቤት ያለው በእናንተ ውሃ ላይ ነው። በውሃ ምክንያት ወዳጅ የሆነን ሰው «አዲስ ሽንት ቤት ስትቆፍር እባክህ ከጉድጓዳችን ቢያንስ 30 ሜትር አርቀው፣ ሲሞላም ቶሎ አስመጥጠው» ማለት ይቻላል፤ ጎማው የተነጠቀበትን ሰው ግን አይቻልም። 30 ሜትሩም የተለመደው ዝቅተኛ ልክ ነው እንጂ ዋስትና አይደለም፤ በተሰነጠቀ የኖራ ድንጋይ ውስጥ ውሃ ከዚያ ብዙ ርቆ ይሄዳል። ጎማውን ግን አንሡት፤ መሬት ላይ እየተጎተተ ጀሪካን ውስጥ የሚገባ ጎማ ራሱ በሽታ ነው። በአጥሩ በኩል አንድ ቧንቧ አውጡላቸው፣ የምርመራውንም ውጤት ሳትደብቁ ንገሯቸው፤ በተለይ ሕፃን ላለባት።

የመብራቱን ሒሳብ መካፈል ተገቢ ነው፤ አማትሽ ራሳቸው ቢያነሡት ማንም ቅር አይለውም። በጀሪካን ዋጋ ተምኖ መሸጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት በእጅ ለተቆፈረ ጉድጓድ ፈቃድ አያስፈልግም፤ በማሽን ለተቆፈረና ለሌላ ሰው ውሃ ለማቅረብ ግን ያስፈልጋል። የአባትየው ፈቃድና የቁፋሮው መዝገብ ካሉ ፈልጉ። መዝገቡ ውስጥ ጥልቀቱ፣ ወንፊቱ የት እንዳለ፣ ውሃውም በስንት ሜትር እንደተገኘ ይጻፋል፤ ፓምፕ የሚያወርደው ሰው ያለ እሱ በግምት ነው የሚሠራው። ከሌለ ፈቃዱን ወደሚሰጠው መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ አስመዝግቡት።

የጓሮውን ጉድጓድ በደብዳቤሽ መጨረሻ እንደ ዋዛ ጣልሽው እንጂ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማስቆመው እሱን ነው። እጣቢው ከነገ ጀምሮ አይደፋበት። አፈር ላይ የፈሰሰ እጣቢ ወደ ታች ሲወርድ ቢያንስ አፈሩ ይጣራለታል፤ እዚያ ውስጥ የፈሰሰው ግን ያለ ምንም ማጣሪያ ወደምትጠጡት ውሃ ይገባል። በቆሻሻ ወይም በፍርስራሽ አትሙሉት፤ ያው መርዙን ማቆየት ነው። ያለውን ቆሻሻ በመንጠቆና በባልዲ ከላይ አውጡ፣ የውሃውን ክፍል በንጹሕ ጠጠርና አሸዋ፣ ከዚያ በላይ ያለውን በሸክላ አፈር እየጠቀጠቃችሁ ሙሉት፣ ላዩን በኮንክሪት ድፈኑት። ባለቤትሽ ወይም የቀን ሠራተኛ ገመድ ታጥቆ ወደ ውስጥ ልውረድ ቢል ግን በፍጹም አትፍቀዱ፤ በእንዲህ ያለ የተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ አየሩ ሰው የሚገድል ሊሆን ይችላል፤ የወደቀውን ላወጣ ብሎ ተከትሎ የሚወርደውም እዚያው ይቀራል።